ጎመንና የዓይናችን ጀርባ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ የምንጭ ውኃን እንዴት እንደምንጠብቅ አንብበናል። ዛሬ ስለ ዓይን እናነባለን። ነገሩን ያነሣነው በአንድ ጎረቤታችን ምክንያት ነው።

እኛ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ተክለ ሃይማኖት ነው። ከአደባባዩ ወደ መርካቶ የሄደ ሰው ሰፈሩን ያውቀዋል። ግርግር ነው። ተሸካሚው "ዞር በሉ!" እያለ ያልፋል። በየጥጋጥጉ የብረት በርና መስኮት የሚበይዱ ወጣቶች አሉ።

ጎረቤታችን 19 ዓመቱ ነው። ከመንዝ መጥቶ ከአንድ በያጅ ዘንድ ረዳት ሆኖ ገባ። ሥራው ብረት መያዝ ነው። በያጁ ጭንብሉን አጥልቆ ሲበይድ፣ ልጁ ብረቱን ይይዝለታል። ለልጁ ግን ጭንብል የለውም። ብረቱ እንዳይንሸራተት ደግሞ ማየት አለበት። ስለዚህ ያንን ነጭ ብልጭታ በባዶ ዓይኑ ያየዋል።

አንድ ቀን ማታ ዓይኑን አሸዋ የገባበት ያህል ቆረቆረው። እንባው ይወርዳል፤ እንቅልፍ የለም። በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ለቀቀው። "ዳንኩ" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲያነብ ግራ ዓይኑን ሸፈነ። በቀኙ ብቻ ሲያይ የቃሉ መካከል ይጠፋበታል። "ጎመን" የሚል ቃል ጽፈን አሳየነው። "ጎ አለ፤ ን አለ፤ መካከሉ ላይ ግን ጥቁር ነገር ተቀምጧል" አለን። በሁለቱም ዓይኖቹ ሲያይ አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ አላወቀውም ነበር።

አጎቱ ይህን ሰምተው በግ ሸጠው መጡ። ሰው "ለዓይን ብርሃን የሚሆን፣ ከቅጠል የወጣ ኪኒን አለ" ብሏቸዋል። ወደ እኛ መጥተው "እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ናችሁ። ኪኒኑን ልግዛለት ወይስ ጎመን ላብላው?" ብለው ጠየቁን።

ጥያቄያቸው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሰውየው የሰሙት ነገር ግማሹ እውነት ነው።

ዓይናችን ፊት ለፊቱ መስኮት ነው። ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ ከኋላ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ያርፋል። ይህ ሽፋን ሬቲና ይባላል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የምናየው በእሱ ነው። ፊደል የምንለየው በመካከሉ ባለች ትንሽ ቦታ ነው። ያች ቦታ ቀለሟ ወደ ቢጫ ያደላል። ሐኪሞች ቢጫዋ ነጥብ ይሏታል።

ቅቤ ፀሐይ ላይ ቢውል ምን ይሆናል? ይበላሻል፤ ሽታውም ይለወጣል። ቅባት፣ አየርና ብርሃን ሲገናኙ እንዲህ ነው። ሬቲናም ቅባት የበዛበት ነው። ደም ብዙ አየር ያመጣለታል። ብርሃን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያርፍበታል። ስለዚህ እንደ ቅቤው እንዳይበላሽ ጠባቂ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያሉትን ጠባቂዎች የሳይንስ ሰዎች አንቲኦክሲደንት ይሏቸዋል። የእኛ አንባቢ "ብልሽት ከልካይ" ቢላቸው አልተሳሳተም።

ከጠባቂዎቹ አንዱ ሉቲን የሚባል ቢጫ ቀለም ነው። ሰውነታችን ሊሠራው አይችልም። የሚሠራው ተክል ነው። ቅጠል ከጧት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ይውላል። ወደ ጥላ መሸሽ አይችልም። ብርሃኑ ሲበዛበት እንዳይጎዳው ይህን ቢጫ ቀለም ለራሱ ያዘጋጃል። እኛ ቅጠሉን ስንበላ የቅጠሉን መከላከያ እንወስዳለን። ሉቲን በደም ሄዶ ቢጫዋ ነጥብ ላይ ይከማቻል። ቢጫነቷም ከእሱና ዚያዛንቲን ከሚባለው ወንድሙ የመጣ ነው። እዚያም እንደ ቢጫ መጋረጃ ሆኖ በጣም የሚጎዳውን ሰማያዊ ብርሃን ይቀንሳል።

"ጎመን አረንጓዴ ነው፤ ቢጫው የት አለ?" የሚል ይኖራል። ጓሮአችሁ ውስጥ ያረጀ የጎመን ቅጠል ተመልከቱ። አረንጓዴው ሲጠፋ ቢጫው ይወጣል። ድሮም እዚያው ነበር፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው። ዶሮም ምስክር ናት። ሣርና ቅጠል እየለቀመች የምትውል ዶሮ የእንቁላሏ አስኳል ደማቅ ቢጫ ነው። ተዘግታ ነጭ እህል ብቻ የምትበላው ዶሮ አስኳሏ የገረጣ ነው።

ሉቲን በሐበሻ ጎመንና በቆስጣ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ወንድሙ በቢጫ በቆሎና በበርበሬ ውስጥ አለ። በእንቁላል አስኳል ውስጥ ሁለቱም አሉ። ግን አንድ የማድ ቤት ነገር እንጨምር። ሉቲን የሚሟሟው በቅባት ነው። ጎመን ያለ ዘይት ወይም ያለ ቅቤ ከተበላ አብዛኛው ሳይጠቅመን ያልፋል። በጾም ጥቂት የኑግ ዘይት፣ በፍስክ ጥቂት ቅቤ ይበቃል። የቀቀላችሁበትን ውኃ ብትደፉ ሉቲኑ አብሮ አይሄድም። በውኃው የሚሄደው ቫይታሚን ሲ ነው። እሱም ብልሽት ከልካይ ስለሆነ ውኃውን ባትደፉት ይሻላል።

ዳፍንት ሌላ ነገር ነው። ሲመሽ ማየት የሚሳነው ሰው የጎደለው ቫይታሚን ኤ ነው። ለዚያም ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ይረዳሉ፤ ነገር ግን ሕፃን ዳፍንት ከያዘው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የዓይን ሞራንና ዓይን ማዝን ጎመን አያድንም።

ወደ ኪኒኑ እንመለስ። በአሜሪካ አገር ሐኪሞች በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ላይ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች አድርገዋል። ሰዎቹ በዕድሜ ምክንያት ሬቲናቸው የደከመ ነው። የመጀመሪያው ውጤት በ1994 ዓ.ም. ወጣ። ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ የካሮት ቀለምና ዚንክ በአንድነት ሲሰጡ፣ በሽታው ወደ ከባድ ደረጃ የመድረሱ ዕድል በ5 ዓመት ውስጥ በሩብ ያህል ቀነሰ። ሁለተኛው በ2005 ዓ.ም. ወጣ፤ ከ4,000 በላይ ሰዎች ነበሩበት። በቀድሞው ኪኒን ላይ ሉቲን ሲጨመር ግልጽ የሆነ ተጨማሪ ጥቅም አልታየም። ነገር ግን የካሮቱ ቀለም ለሚያጨሱ ሰዎች የሳንባ ነቀርሳ ስለሚያመጣ ሉቲን ተተካበት።

እንግዲህ ያ ኪኒን የተሞከረው በዕድሜ በደከመ ዓይን ነው። በብየዳ ብልጭታ ለተቃጠለ ዓይን አይደለም። መጋረጃ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ቤት የገባ እሳት አያጠፋም። ለአጎትየው "አባታችን፣ የበግዎን ገንዘብ ለዚህ አያውሉት" አልናቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ተስፋ ያደረጉትን ነገር ከእጃቸው የነጠቅን ያህል ተሰማን።

ልጁን ይዘን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። የመጀመሪያው ሌሊት ሕመም ከዓይኑ ፊት እንደነበረ ሐኪሙ ነገረን። ያ በአንድ በሁለት ቀን ይድናል። የሬቲና ቃጠሎ ግን ሕመም የለውም። ሬቲና ሕመም አይሰማውም። ሰው የሚያታልለው ይኸ ነው፤ ሕመሙ ሲቆም "ዳንኩ" ይላል። ጥቁሩ ቦታ በወራት ውስጥ ሊጠብብ ይችላል፤ ሳይጠፋም ሊቀር ይችላል። የሚያጠፋው ኪኒን የለም።

ገጠር ያላችሁ "እኛ ዘንድ ብየዳ የለም" እንዳትሉ። ፀሐይን ትክ ብሎ ማየትም ያንኑ ያደርጋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጧት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ጨረቃ ፀሐይን ሸፈነች፤ ላሊበላ ላይ ዳሯ ብቻ እንደ ቀለበት ታየ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ያለው ግርዶሽ ደግሞ ከአገራችን በከፊል የሚታይ ነው። በጥቀርሻ መስታወት፣ በራጅ ፊልም፣ በሳፋ ውኃ ማየት ዓይንን አያድንም። ለግርዶሽ የተሠራ መነጽር ወይም ቁጥሩ 14 የሆነ የብየዳ መስታወት ያስፈልጋል። ሁለቱም ከሌሉ ወንፊት ወስዳችሁ ፀሐይዋን ከኋላችሁ አድርጉ። በወንፊቱ ቀዳዳዎች ያለፈው ብርሃን መሬት ላይ ብዙ ትንንሽ የተገመጡ ፀሐዮች ያሳያችኋል። ልጆች ይህን ይወዱታል።

አሁን አንድ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ ይህን መስመር አንብቡ። ቀጥሎ ሌላውን ሸፍኑ። በአንዱ ዓይን ፊደል የሚጠፋበት ወይም መስመሩ የሚጣመምበት ሰው ካለ ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው።

አጎትየው በበጉ ገንዘብ ለልጁ የራሱን ጭንብል ገዝተውለት ወደ መንዝ ተመለሱ። መስታወቱ ላይ 11 የሚል ቁጥር አለ። ልጁ ሥራውን ቀጥሏል። ይህ ከሆነ አምስት ወሩ ነው። ትናንት "ጎመን" የሚለውን ቃል በቀኝ ዓይኑ ብቻ አስነበብነው። "መ" በከፊል ትታየዋለች።