ዳዩን ከመቀየራችሁ በፊት ለኩ

አሜሪካ የሚኖሩና ጥይታቸውን ቤታቸው የሚሞሉ ወዳጆቼ ችግር በገጠማቸው ቁጥር ሌላ ዳይ ለመግዛት ይቸኩላሉ። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከዳዩ ሳይሆን ከአስተካከሉ ነው።

ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ተለጥጦ የጠመንጃውን መጉረሻ ቅርጽ ይይዛል። ዳይ ደግሞ ያንን ቀለህ ጨምቆ ወደ ልኩ ይመልሳል። እንደ .38 ስፔሻል ላለ ቀጥ ያለ የሽጉጥ ቀለህ ካርባይድ ዳይ ምረጡ፤ ቅባት ከመቀባት ያሳርፋችኋል። እንደ .308 ዊንቸስተር አንገትና ትከሻ ላለው ግን ቅባት የግድ ነው። ሲያንስ ቀለሁ ዳዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ሲበዛ ትከሻው ላይ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። ዳዩ ስለሚታሰርበት ማሽን ብራንድ ብዙ አትጨነቁ፤ የአብዛኞቹ ዳዮች ጥርስ አንድ ዓይነት ነው።

ትልቁ አደጋ ትከሻውን ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ መግፋት ነው። እንዲህ የተገፋ ቀለህ በተተኮሰ ቁጥር እየተለጠጠ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ይሳሳል፤ በመጨረሻም ለሁለት ይበጠሳል። ያኔ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የተተኮሰውን ቀለህ ትከሻ በመለኪያ ለኩ። በእጅ ለሚቀረቀር ጠመንጃ ከአንድ እስከ ሁለት ሺህኛ ኢንች ብቻ መግፋት ይበቃል፤ በራሱ ለሚያጎርስ ትንሽ ጨመር ይደረጋል። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ቀለሁ ውስጥ አስገብታችሁ ግድግዳውን ዳስሱ፤ ከመቀመጫው በላይ ቦይ ካገኛችሁ ቀለሁን ጣሉት።

የተሞላው ጥይት አልጎርስ ሲልም ወዲያው ቀለሁን የሚጨምቀውን ዳይ አትውቀሱ። በዳዩ ያለፈ፣ ባሩድም ከብሱልም የሌለው ባዶ ቀለህ መጉረሻው ውስጥ ሞክሩ። እሱ በቀላሉ ከገባ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አረሩን በሚያስቀምጠው ዳይ ላይ ነው፤ በጣም ዝቅ ብሎ ሲታሰር የቀለሁን አፍ አጥብቆ ይጫንና ትከሻውን ያሳብጣል። ዳዩን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና እሰሩት።

ለወዳጅ ማካፈል ደግ ልማዳችን ነው፤ በዚህ ግን ንፉግ ሁኑ። ለእናንተ ጠመንጃ ተለክቶ የተሞላ ጥይት ለጓደኛችሁ ጠመንጃ ላይሆን ይችላል። ጓደኛችሁን ከወደዳችሁት ጥይቱን አትስጡት፤ አለካኩን አስተምሩት።