ደረጃ ሥር የሚያልቅ የሳይክል መንገድ

የፎገራ ሜዳ ለሳይክል የተፈጠረ መሬት ነው። ከወረታ እስከ ጣና ዳር ድረስ ሩዝ የተዘራበት፣ ክረምት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ሲሞሉ ውኃው የሚተኛበት ለጥ ያለ አገር ነው። ጉማራን ተሻግረው በሐሙሲት በኩል ወደ አንበሳሜ ሲመጡ መሬቱ ከፍና ዝቅ ማለት ቢጀምርም፣ ጉልበት ያለውን ሰው ሳይክሉን የሚያስጥል አይደለም። ባሕር ዳር በሳይክል ስሟ የተጠራውም መሬቷ ሜዳ በመሆኑ ነው፤ ሴቱም ወንዱም፣ ተማሪውም ሠራተኛውም ይነዳል። በዚህ አገር ባለሳይክልን የሚያንገላታው መንገዱ ሳይሆን መንገዱ ካለቀ በኋላ የሚጠብቀው ደረጃ ነው።

ሕንፃ የሚያሠራው፣ ፕላን የሚያወጣው፣ ፈቃድ የሚሰጠው ሁሉ አንድ እምነት ይዟል። ሳይክል ቀላል ዕቃ ስለሆነ ባለቤቱ አንሥቶ ይወጣል ይላሉ። ይህን የሚል ሰው ሳይክል ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ አያውቅም። በየሱቁ የሚሸጠው የብረት ሳይክል ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ክብደቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ቅርጹም ለሸክም አይመችም። መሪው ግድግዳ ይፍቃል፣ ፔዳሉ ቅልጥም ይመታል፣ የካቴናው ግራሶ ልብስ ላይ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ነርስ፣ ደብተር የታቀፈ መምህር፣ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ይህን ጠዋት ማታ እንዲያደርጉ መጠበቅ ነውር ነው። ብዙዎቹ የሚመርጡትም ግልጽ ነው፤ ሳይክሉን ይሸጡና ባጃጅ ይይዛሉ።

አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ጥበቃው፣ በደግ አንደበት ነው የነገረኝ፣ ሳይክል ግቢ ውስጥ እንደማይቆም፣ ከፈለግሁ ግን ይዤው ወደ ላይ መውጣት እንደምችል አስረዳኝ። ግቢው ውስጥ ለመኪኖች የቆርቆሮ ጥላ ተሠርቶላቸዋል። በጥበቃው አልፈርድም፤ የታዘዘውን ፈጸመ። የምፈርደው ትእዛዙን ባወጣው አስተሳሰብ ላይ ነው። በዚያ አስተሳሰብ መኪና ይዞ የመጣ እንግዳ ሲባል ሳይክል ይዞ የመጣው ግን ግቢ የሚያጣብብ ነው።

የኮንዶሚኒየሙ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በአብዛኛው አራት ፎቅ ወጥቶ ሊፍት የሌለው ነው። ሐሳቡ የተወለደው ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆኑ ሰዎች ነበር፤ ሳይክል ቢገዙ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው። ፕላኑን ያወጡት ባለሙያዎች ለነዋሪው ኑሮ አስበዋል፤ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ሕንፃ ለብቻው አቁመዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። በግ ግን የሚታረደው በዓመት ጥቂት ቀን ሲሆን ሳይክል የሚወጣውና የሚገባው በየቀኑ ነው። ለእሱ ቁልፍ ያለው አንድ ክፍል ማን አሰበ? ነዋሪው ደረጃው ሥር ሲያቆም ጎረቤት መተላለፊያ ተዘጋ ብሎ ያማርራል፤ ውጭ ሲያስር ይሰረቃል። ስለዚህ ተሸክሞ ይወጣና በረንዳው ላይ፣ ከከሰል ማንደጃው ጎን ያቆመዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጎማው ተንፍሶ፣ ልጆች እየተጫወቱበት እዚያው ይቀራል።

ስርቆቱ እውነት ነው፤ ሰው ሳይክሉን የሚሸከመውም ስለሚፈራ ነው። መፍትሔው ግን በምድር ላይ የሚቆለፍ ቦታ ማዘጋጀት እንጂ ስጋቱን ሁሉ በባለሳይክሉ ትከሻ ላይ መጫን አይደለም። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ አሥር ያህል ሳይክል ይቆማል። በወረታም ሆነ በአንበሳሜ ዋና መንገድ ዳር ፎቅ የሚያሠራ ሰው ምድር ቤቱን ለሱቅ ማከራየት እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ኪራዩ የሚወደደው እዚያ ነው። ሱቁን ይዝጋ አላልሁም። በደረጃው ጠርዝ ላይ የሳይክል ጎማ የሚገባበት ቦይ ቢያሠራ ባለሳይክሉ ከጎን ሆኖ እየገፋ ይወጣል። ይህን ደግሞ ማንኛውም ብየዳ ቤት ላሜራ አጥፎ ይሠራዋል። በኔዘርላንድ እንዲህ ያለው ቦይ የተለመደ ነው፤ የኡትሬክት ባቡር ጣቢያማ በ2019 እ.ኤ.አ. 12,500 ሳይክል የሚይዝ ማቆሚያ ከሥሩ አሠርቶ ጨርሷል፤ ሰዎች እየነዱ ይገቡበታል። ያን ያህል አልጠየቅንም። ላሜራ ነው የጠየቅነው።

ሕግም አልጠፋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ ለአካል ጉዳተኛ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄደው ጭምር፣ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። በየከተማው፣ በሩ ላይ አምስት ስድስት ደረጃ ደርድሮ ሌላ መውጫ ሳይሠራ የተመረቀ ሕንፃ ስንት ነው? ያ መውጫ ቢሠራ ኖሮ ባለተሽከርካሪ ወንበሩም፣ ልጅ በጋሪ የምትገፋ እናትም፣ ኩንታል ያዘለው ወዛደርም፣ ባለሳይክሉም አብረው ያልፉበት ነበር።

መንግሥት ሳይክልን አልጠላም ይላል፤ ወረቀቱም ይመሰክርለታል። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ስለ ሞተር አልባ ትራንስፖርት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል። በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር ተሠርቷል፤ ይህም በጎ ሥራ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ደግሞ ነዳጅ የማይጠይቀው ሳይክል ለደመወዝተኛው ከመቼውም በላይ አስፈላጊ ሆኗል። ነገር ግን የመንግሥት ሪፖርት የሚቆጥረው የመስመሩን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሰው ሳይክል የሚነዳው ከቤቱ በር እስከ ሥራው በር እንጂ ከአደባባይ እስከ አደባባይ አይደለም። ሁለቱ በሮች ላይ ሸክም ከጠበቀው መሐል ያለው አስፋልት የቱንም ያህል ቢያምር አይነዳበትም።

አንበሳሜ ገና እየተሠራች ያለች ከተማ ናት፤ ወረታም እየሰፋች ነው። ፎቆቹ ከመብዛታቸው በፊት ማረም ይቻላል፤ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ግን ደረጃ ማፍረስ ከባድ ነው። የአንበሳሜና የወረታ ማዘጋጃ ቤቶች መሐንዲሶች ሆይ፣ የግንባታ ፈቃድ ሊወስድ የመጣ ሰው ፕላኑን ጠረጴዛችሁ ላይ ሲዘረጋ ሳይክሉ የት እንደሚያድር ጠይቁት። መልስ ከሌለው ፊርማችሁን አትስጡት።