ቍጠባና ንፍገት

ልጆች ሆይ፥ ብዙ ሰዎች ቈጣቢን ከንፉግ ጋራ አንድ አድርገው ይቈጥሩታል። ነገር ግን የቃሉን ትርጓሜ እንመርምር። ቈጠበ ማለት ገንዘቡን ሳያባክን በልክ አወጣ ማለት ነው። ከዚሁ ቃል ተቈጠበ የሚለው ይወጣል፤ ትርጓሜውም ራሱን ገታ ማለት ነው። እንግዲህ ቈጣቢ የሚገታው የራሱን ምኞት እንጂ የሌላውን ድርሻ አይደለም። ገበሬ ክረምት እስኪገባ ድረስ ቢርበውም ለዘር ያስቀረውን እህል አይነካም፤ ይህ ቍጠባ ነው። የሠራተኛውን ደመወዝ አጉድሎ «ገንዘብ ቈጠብሁ» የሚል ጌታ ግን ቀማ እንጂ አልቈጠበም። በየቀኑ 1 ብር የሚያስቀር ልጅ በ100 ቀን 100 ብር ይኖረዋል። ከዚያም ለተቸገረ ጓደኛው ደብተር ቢገዛለት፥ ቈጣቢ ንፉግ እንዳልሆነ በሥራው ያስረዳል።