የፈሊጥ ሰምና ወርቅ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ልሳን አድርጎ ካጸናው ወዲህ፣ በቤቱ ጉራጊኛ፣ በገበያው አማርኛ እየተናገረ ያደገ የወልቂጤ ተማሪ፣ የእንግሊዝኛውን ሰዋስው ጠንቅቆ ቢያውቅም፣ በጨዋታ መካከል «እገሌ በረዶውን ሰበረው» የሚል የእንግሊዞች ፈሊጥ ሲሰማ፣ የእንግዶችን ዝምታና መተፋፈር ያስወገደ ሰው መመስገኑን ለመረዳት ይቸገራል። ይህ የአእምሮ ጉድለት አይደለም፤ የፈሊጥ ምሥጢር ከቃላቱ ድምር አይገኝምና። የቅኔ ቤት ሊቃውንት ግን ከሰሙ ሥር ወርቁን መፈለግን ለዘመናት ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ይህም ጥበብ፣ ማን ለማን፣ በምን ጊዜና በምን ስሜት እንደ ተናገረ መመርመር ነውና፣ ለባዕድ ልሳንም እጅግ ይበጃል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ፈሊጥን በዝርዝር ከማስጠናት ይልቅ ከነአገባቡ አሰሟቸው፤ እናንተም ተማሪዎች፣ ያልገባችሁን ለመጠየቅ አትፍሩ።