አበቅቴን የሚያውቅ ሳይክሊክ ግሩፕን ስለ ምን ይፈራል?

በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ፣ ከደብሩ መሪጌታ ዘንድ ቀርቦ «የኔታ፣ የዘንድሮው አበቅቴ ስንት ነው?» ያለ ሰው ወዲያው መልስ ያገኛል። ከዚያው ሰፈር ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባውን ወጣት ስለ ሳይክሊክ ግሩፕ ብንጠይቀው ግን ግንባሩን ይቋጥራል፤ ትርጓሜውን በቃሉ ይወጣዋል እንጂ ምሳሌ አምጣ ሲሉት ይጨነቃል። እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ የወጣቱ ሳይሆን ትምህርቱ የሚጀመርበት በር ነው።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ አብረን እንቍጠር። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ 12 ወር 354 ቀን ነው፤ ልዩነቱ 11። ስለዚህ ሊቃውንቱ ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 ይገድፋሉ። የ2018 ዓመተ ምሕረት ወንበር 12 ነው፤ 12 ጊዜ 11፣ 132 ሆኖ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል። መጥቅዑም 12 ጊዜ 19፣ 228 ሲሆን ሲገደፍ 18 ይተርፋል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው፤ በማናቸውም ዓመት እንዲሁ ነው፤ 11 እና 19 አንዱ የሌላው መላሽ ናቸውና።

አሁን 30 ቤቶች በክብ ቆመዋል እንበል። ከ30ኛው ተነሥቶ በ11 በ11 የሚራመድ ሰው ሁሉንም ቤት ሳይጎበኝ ወደ መነሻው አይመለስም። እንዲህ አንድ እርምጃ ሁሉን የወለደ እንደ ሆነ ግሩፑ ሳይክሊክ ይባላል። በ12 ቢራመድ ግን 12፣ 24፣ 6፣ 18፣ 30 እያለ በ5 ቤት ብቻ ይዞራል፤ ያች ትንሽ ዙር ሰብግሩፕ ናት። ይኸውም 12 እና 30ን 6 በጋራ ስለሚያካፍላቸው ነው። ለ30 አካፋዮች ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰብግሩፕ አለ፤ አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 10፣ 15 እና 30 ስለ ሆኑ ሰብግሩፖቹ 8 ናቸው፤ አይበልጡም፣ አያንሱም።

ሳምንትን ግን ከ1 እና ከ7 በቀር የሚያካፍለው የለም። ስለዚህ በፈረቃ በየ3 ቀኑ ውሃ የሚደርሰው ሰፈር በ21 ቀን ውስጥ ከሰኞ እስከ እሑድ ሁሉንም ቀን ይቀምሳል። በየ7 ቀኑ ከሆነ ግን ቀኑ ሁልጊዜ ያው ነው፤ የዚያን ሰፈር እናቶች ስለ ልብስ አጠባ መጠየቅ ነው!

«የቤተ ክህነት ሒሳብ ለዘመናዊ ትምህርት ምኑ ነው? ክርስቲያን ያልሆነውስ ተማሪ?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። ለእርሱ የሰዓቱ 12 ቍጥር ይበቃዋል፤ በ5 በ5 ይራመድበት፤ ኋላም በ4። ደግሞም ሊቃውንቱ የግሩፕን ትምህርት ያውቁ ነበር አልልም፤ የ19 ዓመቱን ዙር የጥንት ግሪኮችም ያውቁት ነበር። ሰማዩም ለሒሳባችን ፈጽሞ አይታዘዝም፤ 19 ጊዜ 11፣ 209 ሆኖ በ30 ሲገደፍ 29 ይተርፋልና ዙሩ እንዲዘጋ 1 መዝለል ግድ ሆኗል። ይህችን 1 ያየ ተማሪ መጽሐፉ «ወደ መነሻው በትክክል ይመለስ» እያለ ለምን እንደሚጨቀጭቀው ይገባዋል።

የሒሳብ ክበባችን በሚመጣው ዓመት አንድ መሪጌታና አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንዲያቆም እጠይቃለሁ። እኔ ያን ጊዜ ከዚህ ትምህርት ቤት ብወጣም ጠመኔውን ይዤ እመጣለሁ።