የላብራቶሪው ሰው ዋጋ

የሕክምና ማዕከል ተመራማሪ ሲቀጥር ወጪው የሚመዘገበው በደመወዝ ነው ወይስ በካፒታል? ጥያቄው ለሒሳብ ሠራተኛ የተተወ ይመስላል፡፡ የመልሱን ክብደት ለማየት ግን የፒትስበርግን ታሪክ መመልከት ይበቃል፡፡

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዚያች የአሜሪካ ከተማ የብረት ፋብሪካዎች ተራ በተራ ሲዘጉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አጡ፡፡ በዚያው ሰሞን፣ በ1981፣ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ዶ/ር ቶማስ ስታርዝልን ከኮሎራዶ አመጣ፡፡ ዶ/ር ስታርዝል በ1967 የመጀመሪያውን የተሳካ የጉበት ንቅለ ተከላ ያከናወኑ ሐኪም ቢሆኑም፣ ከታካሚዎቻቸው አብዛኞቹ ዓመት አይደፍኑም ነበር፡፡ ትልቁ እንቅፋት የታካሚው ሰውነት አዲሱን ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ መግፋቱ ነው፡፡ ይህን የሚያጠናው ሙያ የንቅለ ተከላ ኢሚውኖሎጂ ይባላል፡፡

ዩኒቨርሲቲው ስለዚህ በቀዶ ሐኪም ብቻ አልተወሰነም፡፡ የሕብረ ሕዋስ ምርመራውን እንዲመሩ ሬኔ ዱኬኖይን፣ ቆይቶም አንገስ ቶምሰንን ከስኮትላንድ፣ በ2005 ደግሞ ፋዲ ላኪስን ከዬል ዩኒቨርሲቲ አስመጣ፡፡ የጃፓኑ ፉጂሳዋ ኩባንያ ያገኘው ታክሮሊመስ የተባለው መድኃኒት ለንቅለ ተከላ ታካሚ መጀመሪያ የተሰጠው በ1989 በዚሁ ማዕከል ሲሆን፣ በ1994 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል፡፡ ዛሬም በመላው ዓለም የንቅለ ተከላ ታካሚዎች ዋነኛ መድኃኒት ነው፡፡

ዩፒኤምሲ የተባለው የፒትስበርግ የሆስፒታሎች ድርጅት ዛሬ ከ90 ሺህ በላይ ሠራተኞች አሉት፡፡ ስሙም በባለ 64 ፎቁ የዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ሕንፃ አናት ላይ ይነበባል፡፡ የብረት ኩባንያው ራሱ በ2025 ለጃፓኑ ኒፖን ስቲል ተሸጧል፡፡ ይህ ሁሉ የጥቂት ሰዎች ቅጥር ውጤት ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ድርጅቱ በኢንሹራንስና ሌሎች ሆስፒታሎችን በመጠቅለልም አድጓል፡፡ ታካሚውን፣ የምርምር ገንዘቡንና ስሙን ወደ ከተማዋ የሳበው ግን ንቅለ ተከላው ነው፡፡

በዚህ ገበያ አቅርቦቱ ጠባብ ነው፡፡ በአሜሪካ ተመራማሪው የመጀመሪያውን ትልቅ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ የሚያገኘው በአብዛኛው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፡፡ ለድርድር ሲቀርብም ከደመወዙ ይልቅ አጥብቆ የሚጠይቀው የላብራቶሪ ቦታ፣ መሣሪያ፣ ለሁለትና ሦስት ዓመት የሚበቃ የቴክኒሺያኖች ደመወዝና ጊዜ ነው፡፡ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ለጀማሪ ሐኪም ተመራማሪዎች ከሚሰጣቸው ድጋፎች አንዱ፣ ተቀባዩ ከሥራ ጊዜው 75 በመቶውን ለምርምርና ለሥልጠና እንዲያውል ያስገድዳል፤ ለቀዶ ሐኪሞች ብቻ ወደ 50 በመቶ ዝቅ ይላል፡፡ ሐኪሙ በእነዚያ ሰዓታት በሽተኛ ባለማየቱ የሚቀረው ገቢ የቀጣሪው ወጪ ነው፡፡ ቀጣሪው ይህን አስቀድሞ ያወጣል፤ በተመራማሪው የምርምር ገንዘብ ላይ ለሕንፃና ለአስተዳደር ተጨማሪ ክፍያ ቢታሰብለትም የምርምሩን ወጪ ሁሉ አይሸፍንለትም፡፡ በየካቲት 2025 ተቋሙ ይህን ተጨማሪ በ15 በመቶ እገድባለሁ ሲል ዩኒቨርሲቲዎች ፍርድ ቤት የሮጡትና ውሳኔውን ያሳገዱት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡

አሁን ወደ አዲስ አበባ፡፡ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል፡፡ ከዚያ በፊት ታካሚው ዘመዱን ይዞ፣ ዶላር አፈላልጎ፣ ሕንድ ወይም ታይላንድ መሄድ ነበረበት፡፡ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠኑ ትክክለኛ ጅምር ነው፡፡ የሚቀጥለው ቅጥር ግን ከላብራቶሪው በኩል መሆን አለበት፡፡

ምክንያቱ ቀላል ነው፡፡ ታክሮሊመስ ከሰውነት የሚወገድበት ፍጥነት በዘር ውርስ ይለያያል፤ ቶሎ የሚያስወግዱት ሰዎች ከሌላው አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያስፈልጋቸዋል፡፡ እነዚህም ከአውሮፓውያን ይልቅ በአፍሪካውያን ዘንድ ይበዛሉ፡፡ መጠኑ ሲያንስ ኩላሊቱ ይጠፋል፤ ሲበዛም ራሱ መድኃኒቱ ኩላሊቱን ይጎዳል፡፡ ኩላሊቱን ያጣ ታካሚ ወደ እጥበት ይመለሳል፤ የእጥበቱም ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፡፡ ለኢትዮጵያዊ ታካሚ የሚስማማውን መጠን በሀገሩ ሰው ላይ አጥንቶ የሚናገር ባለሙያ በየዓመቱ የሚያድነው ገንዘብ ከደመወዙ ጋር የሚወዳደር አይደለም፡፡

ለመደበኛ ሕክምና እንኳ ሐኪም ባልበቃበት ሀገር ይህ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ፡፡ ስጋታቸው ተገቢ ነው፡፡ ነገር ግን የተጀመረ ንቅለ ተከላን በግማሽ ባለሙያ ማካሄድ ከሁሉም የከፋ ብክነት ነው፡፡ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶችንም ለሁለት ሳምንት ጉብኝት ከመጋበዝ ይልቅ የሦስት ዓመት ውል፣ የሚሠራ ላብራቶሪና የማይቋረጥ የሪኤጀንት በጀት ይዞ ማነጋገር ይሻላል፡፡ የእጥበት ማሽን በማስመጣት ላይ ያለው የግል ባለሀብትም ከኮሌጁ ጋር ሆኖ የአንድ ተመራማሪን ወጪ ቢሸፍን ምጽዋት አይሆንበትም፡፡ ማሽኑ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል፤ የላብራቶሪው ሰው ግን በቆየ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፡፡