ያልጻፍነውን ስለ መስጠት

ባለፈው ወር በማኅበራችን ጥሪ የተሰበሰቡ ተማሪዎች ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በኮምፒዩተር ክፍል ተቀምጠው ለአማርኛው ውክፔዲያ መጣጥፍ ሲጽፉ ዋሉ። በሳምንቱ የድካማቸውን ፍሬ ለማየት ብንመለስ ግን ከገቡት ጽሑፎች ብዙዎቹ የሉም። በቦታቸው የቀረው፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ ያለ ፈቃድ ስለ ተገለበጠ ተሰርዟል የሚል አጭር ማስታወሻ ነው። በግቢው ውስጥ ቁጣ ተነሣ። «በነፃ ደክመን የሠራነውን የሚሰርዝ ማን ነው?» ያሉ አሉ። አማርኛ እንዳያድግ የተሸረበ ተንኮል ነው ያሉም አልጠፉም። እኛም መጀመሪያ ከቁጡዎቹ ወገን ነበርን። በኋላ ግን የጽሑፎቹን ቅጂ ከጸሐፊዎቹ እጅ ተቀብለን ከምንጫቸው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠን አነበብን፤ ካነበብንም በኋላ የምንቆጣበት ሰው አጣን።

ስለ አፄ ቴዎድሮስ የቀረበው መጣጥፍ ከአቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ መጽሐፍ ሦስት ገጽ እንዳለ የተወሰደ ነው። ነጠላ ሰረዙ እንኳ አልተነካም። ሌላው ከጋዜጣ ዓምድ የተገለበጠ ሲሆን፣ አንዱ ደግሞ ከእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ቃል በቃል የተተረጐመ ነው። ተርጓሚው «እኔ ነኝ ያማረጥኩት፣ እንዴት የሌላ ሰው ይባላል?» ብሎ ተከራክሮናል። ነገር ግን በአገራችን ሕግ ሥራን የመተርጐም ፈቃድ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን «ዘመቱ» የሚለውን «ተጓዙ»፣ «ድል አደረጉ» የሚለውን «አሸነፉ» እያለ፣ የዓረፍተ ነገሩን አጥንት ሳይነካ ቆዳውን ብቻ የለዋወጠው ጓደኛችን ነው። ይህን ያህል ከደከመ ራሱ ቢጽፈው ይቀለው ነበር።

በክርክሩ መካከል ደጋግመን የሰማነው ቃል «እውቀት የሁሉ ነው» የሚል ነው። እኛም ይህን አንክድም። ሕጉም አይክድም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን፣ ግኝትን፣ ተራ መረጃን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መደረጉ የማንም ርስት አይደለም፤ ማንም ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ሊጽፈው ይችላል። የሕግና የመንግሥት አስተዳደር ጽሑፎችም እንዲሁ ነፃ ስለ ሆኑ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣውን አዋጅ እንዳለ መውሰድ ይቻላል። ባለቤት ያለው አንድ ሰው ያንን ታሪክ የተናገረበት አነጋገር፣ የመረጠው ቃል፣ የደረደረበት አደራደር ነው። ለዚህ መብት ደግሞ ማኅተም ወይም ምዝገባ አያስፈልግም፤ ሥራው ወጥ ሆኖ በጽሑፍ ከሰፈረበት ሰዓት ጀምሮ አለ። አሳቡም ትናንት የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን ባለቤትነት ከቁጥር 1647 ጀምሮ ደንግጎ ነበር።

«በየፎቶ ኮፒ ቤቱ መጽሐፍ በሙሉ ሲባዛ ዝም እየተባለ በውክፔዲያ ላይ ይህ ሁሉ ጥብቅነት ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄም ቀርቦልናል። የፎቶ ኮፒው ነገር የራሱ ሒሳብ አለው፤ መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ያጣ ተማሪ ምን ያድርግ የሚለውን በሌላ ቀን እንጽፍበታለን። የውክፔዲያው ጉዳይ ግን ከዚያ የተለየ ነው። ልዩነቱንም አብዛኞቻችን ሳናነብ ያለፍነው፣ ከማስቀመጫው ቁልፍ አጠገብ የተጻፈው ማስታወቂያ ይነግረናል። ያንን ቁልፍ የተጫነ ሰው ጽሑፉን ክሬቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ ለዓለም ሁሉ ሰጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው የጸሐፊውን ስም እስከ ጠቀሰና በዚያው ፈቃድ እስካካፈለ ድረስ ጽሑፉን ሊገለብጠው፣ ሊለውጠው፣ አልፎ ተርፎም አሳትሞ ሊሸጠው ይችላል። እንግዲህ የአቶ ተክለ ጻድቅን ሦስት ገጽ ያስገባው ጓደኛችን ያደረገው መዋስ አይደለም። የደራሲውን ወራሾች ሳይጠይቅ፣ ነጋዴ ሳይቀር እንዲሸጠው አሳልፎ ሰጠ። የጎረቤቱን በሬ ነድቶ ለዕድሩ ድግስ ያበረከተ ሰው ቸር ተብሎ ይመሰገናል ወይ?

ከዚሁ የሚከተል አንድ ነገር አለ። አንድ መምህራችን ከመጽሐፋቸው እንድንወስድ በቃል ፈቅደውልን ነበር። «ለውክፔዲያ ብቻ ይሁን» አሉ። ይህ በጎ ፈቃድ ቢሆንም አይበቃም፤ ምክንያቱም ውክፔዲያ ለራሱ ብቻ የተሰጠውን አይቀበልም። ባለቤቱ ለሁሉም መልቀቃቸውን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለባቸው። ይህን ለመምህሩ ስንነግራቸው ጥቂት አሰቡና ሁለት ምዕራፍ ለቀቁ፣ ሦስተኛውን ከለከሉ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው እንዲሉ፣ ለምን ብለን አልጠየቅናቸውም።

ደግሞስ ነፃ የሆነው ሀብት መች አልቆብን ነው? በአዋጁ መሠረት የደራሲ የጥቅም መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ የኛ ልጆች ተማሪ እስኪሆኑ ድረስ ባለቤት አለው። በሮም በ1900 ዓ.ም. የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ግን ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከሞቱ ከ50 ዓመት በላይ ስላለፈ ማንም ሊወስደው ይችላል። ደብተራ ዘነብ የጻፉት የቴዎድሮስ ዜና መዋዕልም የመቶ ዓመት ተኩል ዕድሜ አልፎታል፤ ስለዚያው ንጉሥ የጻፈው ጓደኛችን ይህን አጠገቡ ትቶ ሩቅ ሄደ። በዚህም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል። አንድ የዘመናችን ሊቅ የጥንቱን ጽሑፍ ሲያሳትም የጨመረው መቅድምና ማብራሪያ የሊቁ ነው፣ የደብተራ ዘነብ አይደለም።

«አባቶቻችን መጻሕፍትን እየገለበጡ አይደለም ወይ ያቆዩን?» ላሉንም መልስ አለን። አዎን፣ እየገለበጡ ነው። የብራና ጸሐፊ ግን ቀለሙን በጥብጦ፣ ወራት ጎንብሶ ከጻፈ በኋላ በመጨረሻው ገጽ የራሱንና ያጻፈውን ሰው ስም አስፍሮ ጸሎት ይለምን ነበር። የኛ ግልባጭ ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ያለቀ ሲሆን፣ ከሥሩ የደራሲው ስም እንኳ አልነበረበትም።

እዚህ ላይ እኛም ንጹሓን ነን ብለን አንመጻደቅም። አምና ስለ ምግብ አዳራሹ የጻፍነውን ርእሰ አንቀጽ ሌላ የተማሪዎች ጋዜጣ ስማችንን ሳይጠራ ቢያወጣው ሁለት ገጽ የተቃውሞ ደብዳቤ ልከናል። በዚያው ወር ግን ይህ ጋዜጣ አንድ ግጥም ያለ ገጣሚው ስም በማባዣ መኪናችን አባዝቶ አሠራጭቷል። ገጣሚው ራሱ መጥቶ እስኪጠይቀን ድረስ ያስታወሰው አልነበረም። ያን ቀን ይቅርታ የጠየቅነው በቃል ነበር፤ ዛሬ በጽሑፍ እንደግመዋለን።

በመጪው ቅዳሜ ከጧቱ በ3 ሰዓት ሥራው እንደገና ይጀመራል። በዚህኛው ጊዜ የምንሰበሰበው በቤተ መጻሕፍቱ ንባብ ክፍል ነው፤ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለትና ሦስት መጻሕፍት አንብቦ፣ መጽሐፉን ከድኖ፣ በገዛ ቋንቋ መጻፍ ከተፈለገ መጽሐፍ ያለበት ቦታ ይሻላል። ምንጩ በግርጌ ይጠቀስ። የደራሲው ቃል የግድ ሲያስፈልግ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ ከነስሙ ማስገባትን ሕጉ ይፈቅዳል። ከእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የሚተረጉምም ይተርጉም፤ ከየትኛው መጣጥፍ እንደ ተረጐመ ግን በማጠቃለያው ሣጥን ውስጥ ይጻፍ። ፎቶግራፍ ከቴሌግራም ለቅሞ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር አደራ እንላለን፤ ሁሉም ስልክ ይዟል፣ ከተማውም ደጃችን ላይ ነው።

የቴዎድሮስን መጣጥፍ ያቀረበው ጓደኛችን ሁለት ቀን አኩርፎ ከሰነበተ በኋላ እንደ አዲስ መጻፍ ጀምሯል። እስካሁን ገጽ ተኩል ደርሶ ጋፋት ላይ፣ መድፉ የተሠራበት ቦታ ላይ ቆሟል። ስለ ጋፋት መጽሐፍ ያለው ተማሪ ቅዳሜ ይዞለት ይምጣ።